ልብን ሰቅሎ ስለ ማውረድ

ትርጉም የሚሠራ ሰው አንድ አመል አለው፤ የሥራውን ስም ሳይመረምር ሥራውን አይጀምርም። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ትሪለር» የሚሉትን የፊልምና የልብ ወለድ ዘውግ እኛ «ልብ አንጠልጣይ» እንለዋለን። የሥነ ጽሑፍ መምህራንም በእንዲህ ያለ ታሪክ ውስጥ አንባቢውን ወጥሮ የሚይዘውን ኃይል «ልብ ሰቀላ» ብለው ያስተምራሉ። ሁለቱ ቋንቋዎች አንድ ነገር የሚጠሩ ቢመስሉም የተነሡበት ሥዕል ይለያያል። የእንግሊዝኛው ቃል ጥንተ ሥሩ መብሳት፣ መውጋት ማለት ነው። የተወጋ ሰው ወዲያው ይሰማዋል፤ ድርጊቱም እዚያው ያበቃል። የተሰቀለ ነገር ግን አንድ ሰው እስኪያወርደው ድረስ እንደ ተሰቀለ ይኖራል። የእኛ ቃል ስለ መስቀል ይናገራል እንጂ ስለ ማውረድ ምንም አይልም። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በዚያ ባልተነገረው ግማሽ ላይ ነው።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። በምኖርባት በናይሮቢ ፊልም የሚሠሩ ጥቂት ኢትዮጵያውያንና ኬንያውያን ወጣቶች አሉ። ከእነርሱ አንዱ አንድ ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ልብ አንጠልጣይ ፊልም ዳይሬክት አድርጎ ከጨረሰ በኋላ፣ የማስተዋወቂያውን የአማርኛ ጽሑፍ እንዳዘጋጅለት ጠየቀኝ። የፊልሙ ግማሽ በአማርኛ፣ ግማሹ በስዋሂሊ የሚነገር ነው። ታሪኩም ከሞያሌ ወደ ናይሮቢ ሲመጣ መንገድ ላይ የጠፋ ወንድሟን የምትፈልግ የአንዲት ወጣት ታሪክ ነው። ወንድሟ የለም፤ ስልኩ ግን በየሌሊቱ ይደውልላታል።

«ጋሼ፣ የሁለት ደቂቃ ነገር ናት፤ ቃላቱም ቢበዙ ሃምሳ ናቸው» አለኝ።

«ሦስት ሳምንት ስጠኝ» አልኩት።

«ለሃምሳ ቃል?»

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ሃምሳ ቃል ብቻ የተፈቀደለት ሰው አንዱንም በከንቱ ሊያጠፋ አይገባውም። ከመጻፌ በፊት ሁለት ነገር ማወቅ ፈለግሁ። ይህ ዘውግ ለተመልካቹ የሚገባለት ቃል ኪዳን ምንድን ነው? ተመልካቹስ ማን ነው?

ከማስተዋወቂያው ስም ልጀምር። «ትሬይለር» ማለት ከኋላ የሚጎተት ማለት ነው፤ የጭነት መኪና ሾፌሮቻችን «ተሳቢ» የሚሉት መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 ኒልስ ግራንሉንድ የተባለ የቲያትር ቤቶች የማስታወቂያ ሠራተኛ፣ በኒው ዮርክ ለአንድ የብሮድዌይ ሙዚቃዊ ትርዒት አጭር የማስተዋወቂያ ፊልም አሠርቶ በሲኒማ ቤቶች አሳየ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።) በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንዲህ ያሉ ማስታወቂያዎች ከዋናው ፊልም በኋላ ይታዩ ስለ ነበር ስማቸው ከዚያ ወጣ። ተመልካቹ ግን ፊልሙ እንዳለቀ ተነሥቶ ይሄዳል። በዚህም ምክንያት ማስታወቂያው ወደ ፊት ተዛወረ፤ ስሙ ግን እንዳለ ቀረ። ዛሬ እንግዲህ ተሳቢው ከመኪናው ቀድሞ ይሄዳል ማለት ነው። ይህን ለወጣቱ ዳይሬክተር ነግሬው አብረን ስቀናል።

ስለ ዘውጉ የሚያጠና ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚያገኘው አልፍሬድ ሂችኮክን ነው። ሂችኮክ በ1962 ለፈረንሳዊው ዳይሬክተር ለፍራንሷ ትሩፎ በሰጠው ረጅም ቃለ ምልልስ፣ በድንጋጤና በልብ ሰቀላ መካከል ያለውን ልዩነት በአንድ ምሳሌ አስረድቷል። ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ተራ ወሬ እያወሩ ነው እንበል። ከጠረጴዛው ሥር ፈንጂ አለ፤ ተመልካቹ ግን አያውቅም። ፈንጂው ሲፈነዳ ተመልካቹ ለዐሥራ አምስት ሰከንድ ይደነግጣል። አሁን ደግሞ ተመልካቹ ፈንጂው መጠመዱን፣ የሚፈነዳበትንም ሰዓት አስቀድሞ እንዲያውቅ ይደረግ። ያው ተራ ወሬ እያንዳንዱ ቃል የሚያስጨንቅ ይሆናል፤ ተመልካቹም ዐሥራ አምስት ደቂቃ ሙሉ ልቡ ተንጠልጥሎ ይቆያል። ልዩነቱ ዕውቀት ነው። የማያውቅ ሰው ይደነግጣል፤ በከፊል የሚያውቅ ሰው ይጨነቃል።

ይኸው ሰው በ1960 «ሳይኮ» ለተባለው ፊልሙ የሠራው ማስተዋወቂያ እስከ ዛሬ ይጠናል። ከስድስት ደቂቃ በላይ የሚረዝመው ይህ ሥራ ከፊልሙ አንድም ትዕይንት ቆርጦ አያሳይም ማለት ይቻላል። ሂችኮክ ራሱ እንደ አስጎብኚ ሆኖ ባዶውን ሞቴልና ከጀርባው ያለውን ቤት ያዞረናል። ግድያ እንደ ተፈጸመ ይነግረናል፤ የተፈጸመበትንም ስፍራ በጣቱ ያሳየናል። በመጨረሻም የመታጠቢያ ቤቱን መጋረጃ በድንገት ሲገልጥ አንዲት ሴት ትጮኻለች። ጯኺዋ እንኳ በፊልሙ ውስጥ በዚያ ስፍራ የምናገኛት ጃኔት ሊ አይደለችም፤ ቬራ ማይልስ ናት። ፊልሙ ከተጀመረ በኋላ ማንም ሰው ወደ አዳራሹ እንዳይገባ ሂችኮክ ለሲኒማ ቤቶች ጥብቅ መመሪያ ማስተላለፉም የታወቀ ነው። ከዚህ የተማርኩት፣ ጥሩ ማስተዋወቂያ ምን ያህል ልደብቅ ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ የቱን ልደብቅ ብሎ እንደሚጠይቅ ነው።

ይሁንና ልብ ሰቀላ ከውጭ የገባ ዕቃ አድርገን ማሰብ አይገባንም። ሲኒማ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ ሕዝቡ አዳራሹን «ሰይጣን ቤት» ብሎ የሰየመው ነገሩ አስፈርቶትም አጓጉቶትም ነበር። ከዚያም በፊት በየመንደሩ፣ በየምድጃው ዳር እንቆቅልሽ ነበረን። «እንቆቅልህ» ይላል ጠያቂው፤ «ምን አውቅልህ» ይላል ተጠያቂው። መልሱ ከጠፋው «አገር ስጠኝ» ይባላል። ተሸናፊው ጎንደርን ወይም ሐረርን ይሰጣል፤ ጠያቂውም አገሩን ተቀብሎ ከፎከረና ተሸናፊውን ካሾፈበት በኋላ መልሱን ይናገራል። ይህ የመጨረሻው ክፍል የግድ ነው። አገር ተቀብሎ መልሱን የሚነፍግ ልጅ በማግስቱ የሚጫወተው ጓደኛ አያገኝም። ልጆች እንኳ ልብን መስቀል ብድር እንደ ሆነ፣ መልስ ደግሞ ዕዳ እንደ ሆነ ያውቃሉ።

የወንጀል ምርመራም ቢሆን የራሳችን ሥርዓት ነበረን። አድራጊው ያልታወቀ ጥፋት ሲፈጸም የአካባቢው ሰው ሁሉ በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ አውጫጭኝ ይቀመጥ ነበር። እያንዳንዱ በየተራው ያየውንና የሰማውን ይመሰክራል፤ ነገሩ እልባት እስኪያገኝም ወደ ቤት መመለስ አይቻልም። እንግሊዛውያን ደራሲያን ተጠርጣሪዎችን ሁሉ በአንድ ቤት ሰብስበው የሚጽፏቸውን ልብ ወለዶች ሳነብ አውጫጭኝ ትዝ ይለኛል። በ2019 የወጣው የሞገስ ታፈሰ ፊልም «ቁራኛዬ» ደግሞ ከሳሽና ተከሳሽ ተቆራኝተው ዳኛ ፊት የሚሄዱበትን የቀድሞ ልማድ ይዞ የተሠራ ነው። ባላጋራህ ጋር በአንድ ሰንሰለት ታስረህ መንገድ ከመሄድ የበለጠ ልብ ሰቃይ ነገር ከየት ይመጣል?

ጎረቤቶቻችንም በዚህ ረገድ ባለጸጎች ናቸው። ዛንዚባራዊው ደራሲ ሙሐመድ ሳይድ አብዱላ በ1960 ባሳተመው ልብ ወለዱ ቧና ምሳ የተባለ ፒፓ የሚያጨስ መርማሪ ፈጥሮ የስዋሂሊን የወንጀል ልብ ወለድ መንገድ ከፍቷል። ኬንያዊው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ በ1977 ያሳተመው «ፔታልስ ኦፍ ብለድ» በእሳት በሞቱ ሦስት ባለጸጎች ምርመራ ተጀምሮ፣ «ማን ገደላቸው?» የሚለውን ጥያቄ ቀስ በቀስ «አገሪቱን ማን ዘረፋት?» ወደሚል ያሸጋግረዋል። በኡጋንዳ ደግሞ በካምፓላ ጉስቁል ሰፈር በዋካሊጋ የሚሠራው ናብዋና፣ በ2010 «ካፒቴን አሌክስን ማን ገደለው?» የሚል ፊልም ሠራ። ወጪው ከ200 ዶላር እንደማይበልጥ የሚነገርለትን ይህን ፊልም ከዓለም ያስተዋወቀው በኢንተርኔት የተሠራጨው ማስተዋወቂያው ነው። ፊልሙ ግን አሌክስን ማን እንደ ገደለው እስከ መጨረሻው አይናገርም። ተመልካቹ ያልተቆጣው የሳቅና የድብድብ ፊልም መሆኑን ገና ከጅምሩ ስለ ተረዳ ነው፤ ልቡ አልተሰቀለም፤ ስለዚህም የሚያወርድለት አልፈለገም።

በዚያ ፊልም ላይ ከተዋንያኑ በላይ የሚሰማው የ«ቪጄ» ድምፅ ነው። በኡጋንዳ የቪዲዮ አዳራሾች ቪጄ የሚባሉት ሰዎች የውጭውን ፊልም በሕዝቡ ቋንቋ እየተረጎሙ፣ እያሾፉ፣ እያስጠነቀቁ ይተርካሉ። በኬንያም ዲጄ አፍሮ በዚሁ ሙያ ስሙ የገነነ ነው። እኔ መዝገበ ቃላት ገልጬ በጸጥታ የምሠራውን ሥራ እነርሱ ማይክሮፎን ይዘው በተመልካቹ ፊት ይሠሩታል። በአንድ ነገር ይበልጡኛል፤ የሚተረጉሙለትን ሰው ያዩታል። ሲሰለቸው ያፈጥናሉ፣ ሲፈራ ያጽናናሉ። «ተመልካቹ ማን ነው?» ለሚለው ሁለተኛው ጥያቄዬ መልሱን በመጽሐፍ ማግኘት እንደማልችል የተረዳሁት ስለ እነርሱ ሳስብ ነው።

ስለዚህ ደብተሬን ይዤ በናይሮቢ ወዳሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች፣ ፀጉር ቤቶችና ሱቆች ወጣሁ። ወጣት ወንዶቹ ፈጣን ነገር ይወዳሉ። አንዱ «በአምስት ደቂቃ ውስጥ ካልያዘኝ እዘጋዋለሁ» አለኝ። በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ አንዲት ልጅ ደግሞ ልብ አንጠልጣይ ፊልም ብቻዋን እንደማታይ፣ እሑድ ከጓደኞቿ ጋር ሆና ግን ትራስ አቅፋ መጮህ እንደሚያስደስታት ነገረችኝ። አንድ የታክሲ ሾፌር በማስተዋወቂያዎች ክፉኛ የተማረረ ነው። «ሙሉውን ታሪክ በሁለት ደቂቃ ከነገሩኝ በኋላ ሁለት ሰዓት ምን ላደርግ ልግባ?» ይላል። እነዚህ ሁሉ እውነት አላቸው፤ ግን ማንኛውም የማስታወቂያ ባለሙያ የሚያውቃቸው እውነቶች ናቸው።

ያላወቅሁትን የነገሩኝ በኢስትሊ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ አንዲት እናት ናቸው። ለዓመታት ደንበኛቸው ነኝ። ቴሌቪዥናቸው ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ ወደ አማርኛ የተመለሱ ተከታታይ ድራማዎችን፣ ከሁሉም በላይ ግን ነፍሰ ገዳይ የሚታደንባቸውን ፊልሞች ያያሉ።

«እማማ፣ እንዲህ ያለው ፊልም አያስፈራዎትም?» አልኳቸው።

«ያስፈራኛል እንጂ ልጄ።»

«ታዲያ ለምን ያዩታል?»

«መጨረሻው ይታወቃላ!» አሉኝ፣ ይህን የማያውቅ ሰው መኖሩ ያስገረማቸው መስለው።

የሚያግዟቸው የጎረቤት ልጅ ሳቀችና አመላቸውን ነገረችኝ። ፊልሙን አስቀድሞ ያየ ሰው ካገኙ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁታል፤ «መጨረሻ ላይ ይታወቃል ወይ?» ይላሉ። ማን እንደ ገደለ እንዲነገራቸው አይፈልጉም። መታወቁን ብቻ ማረጋገጥ ይፈልጋሉ። የማይታወቅ ከሆነ አያዩትም።

ልጅቷ ሊጥ ልታይ ወደ ጓሮ ከወጣች በኋላ እማማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የቀረውን ነገሩኝ። ልጃቸው ከዓመታት በፊት ወደ ደቡብ አፍሪካ ጉዞ ጀመረ። ከታንዛኒያ ድንበር ደውሎ ደኅና መሆኑን ነገራቸው። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰሙም። አብረውት የሄዱትን ጠየቁ፤ የደላላውን ስልክ ደወሉ፤ ምንም አላገኙም። «ተዝካሩን እንዳላወጣ አልሞተም ይሆናል። እንዳልጠብቀው ዘመኑ ረዘመ። መርዶ እኮ መልስ ነው ልጄ፤ እኔ እርሱንም አላገኘሁ» አሉኝ። ከዚያም ወደ ቴሌቪዥኑ እያመለከቱ፣ «እዚያ ውስጥ የጠፋ ሰው ይገኛል። ሞቶም ቢሆን ይገኛል» አሉ።

እንጀራዬን ይዤ ወጣሁ። በዚያው ሳምንት ዳይሬክተሩ የመጀመሪያውን የማስተዋወቂያ ቅንብር ላከልኝ። ጨለማ ነው። ብረት በቡጢ ሲደበደብ ይሰማል። ድብደባው እየፈጠነ ይሄዳል፤ ከዚያም የጭነት መኪና ኮንቴይነር በር ቀስ ብሎ ይከፈትና ሥዕሉ ይቋረጣል። በሙያ ዓይን ሲታይ ግሩም ሥራ ነው፤ ሂችኮክ ያዘዘውን ሁሉ አሟልቷል። ተመልካቹ በከፊል ያውቃል፤ ስለዚህ ይጨነቃል።

ዳሩ ግን ያንን ድብደባ የሚሰማው ሰው ማን እንደ ሆነ አሁን አውቃለሁ። በመጋቢት 2020 በሞዛምቢክ የቴቴ ክፍለ ሀገር በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ሰዎች ሞተው፣ 14 በሕይወት ተገኝተዋል፤ ኢትዮጵያውያን እንደ ነበሩም ተገልጿል። በ2022 ደግሞ በማላዊ የምዚምባ አውራጃ የኢትዮጵያውያን ስደተኞች ናቸው የተባሉ አስከሬኖች በጅምላ ተቀብረው ተገኙ። በምሥራቅ አፍሪካ በምንኖር ሐበሾች መካከል በዚያ መንገድ የሄደ ዘመድ፣ ጎረቤት ወይም የአገር ልጅ የሌለው ሰው ማግኘት ይከብዳል። ከዚያ ቀን ወዲህ ትሬይለርን ተሳቢ እያልኩ መቀለድ ትቻለሁ።

ከወጣቱ ጋር ሻይ ቤት ተቀምጠን ረጅም ክርክር አደረግን። እርሱም የዋዛ ሰው አይደለም።

«ጋሼ፣ እውነቱን እንደብቅ ነው የሚሉኝ? ፊልሙን የሠራሁት ለነዚያ ሰዎች ብዬ ነው።»

«ከፊልሙ ይውጣ አላልኩም። በፊልሙ ውስጥ ቦታው ነው።»

«ታዲያ በማስተዋወቂያው ቢገባ ምን አለበት?»

ልዩነቱ ይህ መሰለኝ። ፊልም ለማየት የሚመጣ ሰው ወስኖ፣ ከፍሎ፣ አብሮት የሚቀመጥ ሰው መርጦ ይመጣል። ኮንቴይነሩ በሚከፈትበት ሰዓት ልጅቷን ለአንድ ሰዓት ያህል ተከትሏታል፤ እጁን የሚይዝ ሰው አለው ማለት ይቻላል። ማስተዋወቂያ ግን ማንንም ሳያስፈቅድ ይመጣል። በስልክ ላይ ሌላ ነገር ሲፈለግ ይከፈታል፤ በምግብ ቤት ግድግዳ ላይ፣ በማታቱ ውስጥ ባለው ስክሪን ላይ ድንገት ይታያል። ልብን ሰቅሎ ይሄዳል፤ የሚያወርደው ፊልም ደግሞ ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ከተማ ማዶ፣ በገንዘብ ነው። ልቡ በእጁ ላለ ሰው ይህ ጨዋታ ነው። ልቡ ከዓመታት በፊት ተሰቅሎ ለቀረ ሰው ግን ጨዋታ ሊሆን አይችልም።

በሥራዬ ምክንያት የማስበው አንድ መጽሐፍ ይህን ያስረዳል። በዓሉ ግርማ በ1983 ያሳተመው «ኦሮማይ» ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም በየካቲት 1984 ከቤቱ እንደ ወጣ አልተመለሰም። መጽሐፉ በ2025 በዴቪድ ደጉስታና በመስፍን ፈለቀ ይርጉ ትርጉም በእንግሊዝኛ ወጥቶ ልብ አንጠልጣይ የፖለቲካ ልብ ወለድ ተብሎ ለአዲስ አንባቢ ቀረበ። አገላለጹ ስሕተት የለበትም። ጋዜጠኛው ፀጋዬ ወደ አሥመራ ሲጓዝ፣ ከፍያሜታ ጋር ሲገናኝ፣ የስለላው ድር ሲወሳሰብ ማንበብ በእርግጥ ልብ ይሰቅላል። የለንደን ወይም የኒው ዮርክ አንባቢ የመጨረሻውን ገጽ ገልጦ መጽሐፉን ሲያጥፍ ልቡ ይወርድለታል። የአማርኛ አንባቢ ግን መጽሐፉን ካጠፈ በኋላ የሚቀረው ሌላ ጥያቄ አለ፤ ያም የደራሲው መጨረሻ ነው። አንዱ መጽሐፍ እንግዲህ ለሁለት ተመልካች ሁለት ዘውግ ሆነ ማለት ነው። ዘውግ በመጽሐፉ ሽፋን ላይ ብቻ አይጻፍም፤ አንባቢው ይዞት በሚመጣው ነገርም ይወሰናል።

ይህን ሁሉ ካወራን በኋላ ወጣቱ ዝም ብሎ ቆየና፣ «ታዲያ በምን እንክፈተው?» አለ። ያኔ እንደ ተስማማን ገባኝ።

አዲሱ ቅንብር በስልክ ይጀምራል። ባዶ ጠረጴዛ ላይ ስልክ ይጮኻል። ልጅቷ የደዋዩን ስም ታያለች፤ እጇ ይዘገያል። የጻፍኳቸው ቃላት ከሃምሳም በጣም አነሱ። «ወንድሟ ከጠፋ ሰባት ወር ሆነው። ስልኩ ግን በየሌሊቱ ይደውላል። ማን ነው?» የሚሉ ናቸው። ከዚያም ስክሪኑ ከጠቆረ በኋላ ሁለት ቃል ብቻ ይወጣል፤ «መልሱ አለ።»

ዳይሬክተሩ በዚህ በመጨረሻው ላይ እንደገና ተጨነቀ። «መልስ አለ ብለን ከነገርናቸው ማን ይመጣል? መጓጓቱ ይሞታል» አለኝ። አንድ ያነበብኩትን ጥናት አነሣሁለት። በ2011 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሳን ዲዬጎ ተመራማሪዎች ሌቪትና ክሪስተንፌልድ፣ የአጫጭር ልብ ወለዶችን መጨረሻ አስቀድመው የተነገራቸው አንባቢዎች ካልተነገራቸው ይልቅ በታሪኮቹ መደሰታቸውን አሳይተዋል። ጥናቱ ስለ ንባብ እንጂ ስለ ፊልም አይደለም፤ እኛም መጨረሻውን አንነግርም። ነገር ግን መጨረሻ መኖሩን መንገር መጓጓትን እንደማይገድል ያመለክታል። በእንቆቅልሽ ጊዜ ልጁ አገሩን አሳልፎ የሚሰጠው መልስ እንዳለ እርግጠኛ ስለ ሆነ አይደለም ወይ?

በመካከሉ የሚያስቅ ነገርም አልጠፋም። ለስዋሂሊ ተናጋሪዎች የተዘጋጀው ቅጂ የሚያልቀው «ጂቡ ሊፖ» በሚል ጎርናና የተራኪ ድምፅ ነው፤ ትርጉሙ ያው «መልሱ አለ» ማለት ነው። ዳይሬክተሩ ድምፁ እጅግ ስለ ማረከው በአማርኛውም ቅጂ ላይ እንዲቀር ፈለገ። በጨለማ፣ በሌሊት፣ ስልክ እየጮኸ «ጂቡ…» የሚል ድምፅ ሲመጣ የአገሬ ሰው ገዳዩን ገና ከማስተዋወቂያው እንዳወቀ እንደሚቆጥር አስረዳሁት። አስተናጋጇ ሳትቀር ሳቀች። ድምፁ ወጥቶ ጽሑፍ ብቻ ቀረ።

ማስተዋወቂያው ሲጠናቀቅ ከአዳራሹ በፊት በኢስትሊ አየሁት፤ ስልኬን ለእማማ ሰጠኋቸው። እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ተቀበሉኝ። አንድ ጊዜ አዩት፤ እንደገና እንድከፍትላቸው ጠየቁ።

«ይታወቃል ማለት ነው?» አሉ።

«አዎ እማማ፣ ይታወቃል። ግን ከባድ ነገር አለበት፤ መንገዱ አለበት፤ መኪናው አለበት» አልኳቸው።

«እርሱን ለኔ ተወው። የሚታወቅ ከሆነ እመጣለሁ።»

ፊልሙ በታየበት ምሽት ከሁለት ጎረቤቶቻቸው ጋር መጥተው በጠርዝ በኩል ተቀመጡ። የኮንቴይነሩ በር በሚከፈትበት ጊዜ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ፤ ጥቂት ቆይተው መልሰው ገለጡት። እስከ መጨረሻው ተቀምጠዋል። ሲወጡ በሩ ላይ ሰላም አልኳቸው። ስለ ወንድሙም፣ ስለ ገዳዩም፣ ስለ መኪናውም አላነሡም። «ልጅቷ ጎበዝ ናት፤ አልተወችውም» ብቻ አሉኝ።

ፊልም ለመሥራት ለሚነሡ ወጣቶች ከዚህ ሥራ የተረፈኝን ላካፍል። ተመልካችን ማጥናት ሲባል ዕድሜውን፣ የሚከፍለውን ገንዘብና የሚወደውን ተዋናይ መመዝገብ ብቻ የሚመስላቸው አሉ። ያም ያስፈልጋል። ነገር ግን ልብ አንጠልጣይ ፊልም የሚሸጠው ፍርሃትን ነው፤ ፍርሃት ደግሞ እንደ ሌላው ሸቀጥ ሰው ቤት ውስጥ አስቀድሞ መኖሩን ሳያጣሩ የሚያቀርቡት ዕቃ አይደለም። እኛ የተሰደድን፣ የተበተንን፣ በየሰዉ ስልክ ውስጥ የማይነሣ ቁጥር ያለን ሕዝቦች ነን። ይህን የሚያውቅ ዳይሬክተር ፊልሙን ማለዘብ አያስፈልገውም፤ የከበደውን ትዕይንት እንኳ ሳይሸሽ ሊያሳይ ይችላል። የሚፈለግበት አንድ ነገር ነው፤ የሰቀለውን ልብ ሊያወርድ እንዳሰበ ገና በመጀመሪያው ደቂቃ በግልጽ ይናገር። ተመልካቹ የቀረውን ራሱ ይችለዋል።